እንዝርት ሲከበር መወርወሪያ ለምን ተናቀ?

ከመሥሪያ ቤት መልስ ያለችውን ጥቂት ጊዜ በቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ማሳለፍ በዛሬው ጊዜ በከተማ ነዋሪዎች ዘንድ እየተወደደ የመጣ ልማድ ነው። አንዱ እንጨት ይጠርባል፤ ሌላይቱ ሹራብ ትሠራለች፤ ሸክላ ለማበጀት የሚሞክርም አይታጣም። ይህ ነገር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ፈሊጥ ይመስላቸው ዘንድ ብዙዎች ተሳስተዋል። በአገራችን ለገበያ ሳይሆን ለክብርና ለደስታ ሲባል በቤት ውስጥ የሚሠራ የእጅ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ነገር ግን ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ሰው አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱው ነው።

እንቆቅልሹ ከጥጥ ይጀምራል። ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በኋላ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን፣ ከባላገር ሚስት እስከ መሳፍንት ሚስት ድረስ የማይፈትል ሴት አልነበረም ማለት ይቻላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን የጐበኙ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን በአድናቆት ጽፈውታል፤ ገረድና ደንገጡር የሞላት ወይዘሮ እንግዳ ስታነጋግር እንዝርቷን ከእጅዋ አታኖርም ነበር። ቀጭን ፈታይ መባል ለአንዲት ልጅ ከመልክ ያላነሰ ምስጋና ነበረ። ስፌትም እንደዚሁ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶ መልቀም፣ ቀለም ነክሮ አለላ ማድረግ፣ በወስፌ እየወጉ ሰፌድና መሶብ መስፋት የጨዋ ልጅ ሙያ ተብሎ ይቈጠር ነበር።

ልቃቂቱ ከወይዘሮዋ ቤት ወጥቶ ሸማኔው ደጅ ሲደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ያው ፈትል በጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያ በሚወረውረው ሰው እጅ ሲገባ ሥራው የስድብ ስም ይሆናል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ ዕጣቸው ከዚህ የባሰ ነበር። ሰውየው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ እያረሰ፣ እንጀራውን በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ አስጋግሮ እየበላ፣ ሁለቱን ግን «ቡዳ ናቸው» ብሎ ይሸሻቸው ነበር፤ ልጁንም ለልጃቸው አይድርም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እንደ እኔ አስተያየት ሥሩ ያለው ከመሬት ላይ ነው። ርስት ያለው ሰው ያርሳል፤ ርስት የሌለው ሰው ወይ ይነግዳል፣ ወይ በእጁ ይሠራል። ቤተ እስራኤል፣ በቀድሞው አጠራር ፈላሾች፣ ርስታቸውን ያጡት በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና ግንበኛ ሆነው ኖሩ። በጐንደር ዘመን በ17ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ትእዛዝ በተለየ ሰፈር እንዲቀመጡ የተደረጉት እስላሞችም የሚተዳደሩት በንግድና በሽመና ነበር። ስለዚህ የተናቀው በመጀመሪያ ሰውየው ነው፤ ሥራው ንቀቱን የወረሰው ከሠሪው ነው። የወይዘሮዋ እንዝርት የተከበረው ወይዘሮዋ ርስት ስላላት፣ ፈትሉንም ሸጣ የማትበላ ስለሆነች ነው እንጂ መፍተል ከመሸመን የሚበልጥ ጥበብ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱንም የሞከረ ሰው የቱ እንደሚከብድ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ መጻሕፍቱን በምናከብርበት አገር መሆኑ ያስገርማል። ዮሴፍ ጠራቢ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር፤ የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስም በበረሃ ሆኖ ከጸሎት ወደ ታታ፣ ከታታ ወደ ጸሎት እየተመላለሰ እንዲኖር መማሩ በገድለ አበው ተጽፏል። ይህን ሲያነብ የኖረ ደብተራ ከቤቱ ሲወጣ ሸማኔውን መስደቡ ምን ይባላል?

ከነገሥታቱ መካከል ልማዱን በግብር የተቃወሙት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። መንገድ ሲያሠሩ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበረ በዐይናቸው ያዩ ሰዎች መስክረዋል። ንጉሥ ድንጋይ ከተሸከመ መኳንንቱ ቆሞ ማየት አይችልም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮጳውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን አስፍረው ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም፤ ብዙ ጊዜ ከከሸፈባቸው በኋላ በ1859 ዓ.ም. «ሴባስቶፖል» የተባለው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። ያን ግዙፍ ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለመጐተት ከ5 ወር በላይ ፈጀ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ የጋፋትም ሥራ ቀረ። መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ።

ዐፄ ምኒልክ በበኩላቸው ነገሩን በአዋጅ ያዙት። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ገበሬውም ሁሉ በየሥራው የሚሰደብበትን ስም እየጠሩ ወቀሱ፤ የሰው ዘር ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አስታወሱ። አዋጁ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ዳሩ ግን አዋጅ የአንደበትን ስድብ ሊከለክል ይችላል እንጂ በልብ ያለውን ማን ይከለክላል? የጋሞ ደጋ ሰዎች ዶርዜዎች በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሰፍረው አዲስ አበባን በነጠላና በጋቢ ሲያለብሱ ከኖሩ በኋላ እንኳ ስማቸው በመናቅ ሲጠራ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። በጐንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም አብዛኞቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሙያቸውን የምናደንቀው ከሄዱ በኋላ ሆነ።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በራሴ ቤት እስኪደርስ ድረስ።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ላይ አሮጌ የሽመና ዕቃ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ አሠራሩን ተማርሁ፤ በጓሮዬም ጉድጓዱን ቈፈርሁ። መምህሬ ትዕግሥተኛ ነው፤ ድሩ በተበጠሰብኝ ቍጥር ሳይቈጣ ይቋጥርልኛል። አንድ ቀን ግን ይህ ሥራ ድካሜን እንደሚያስረሳኝ ስነግረው መወርወሪያውን አቁሞ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ሲደክምዎ ይተዉታል። እኔ ስተወው ልጆቼ ጾማቸውን ያድራሉ» አለኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። የወይዘሮዋንና የሸማኔውን ልዩነት የሚያህል ልዩነት በእኔና በእሱ መካከል እንዳለ ያን ዕለት ገባኝ፤ መጫወቻ ያደረግሁት የሰው እንጀራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ለፋሲካ ልትጠይቀኝ ከአገር ቤት መጥታ ጉድጓዱን ባየች ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ማታ ግን፣ «ልጄ፣ አባትህ ያለውን ሸጦ ያስተማረህ ጉድጓድ ልትገባ ነው? ጐረቤት ምን ይለኛል?» አለችኝ። በጕልበቷ ላይ ጥጥ የተቀመጠበት ሰፌድ ነበር፤ ይህን ስትል እንዝርቷ አልቆመም። ለብሼው የተቀመጥሁት ጋቢ ደግሞ እሷ የፈተለችው፣ ስሙን የማናውቀው ሸማኔ የሠራው ነበር። ስለ ምኒልክ አዋጅ ልነግራት አሰብሁና ተውሁት። ለእናት አዋጅ አይነበብም።

በማግስቱ ብቻዋን ወደ ጓሮ ወጥታ የጀመርሁትን ጨርቅ ስታገላብጥ በመስኮት አየኋት። ጠርዙ ጠማማ፣ አንዳንዱ ቦታ ሳስቶ ሌላው የተጨናነቀ ነው። ወደ ቤት ስትገባ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ማግ የገበያ ነው?» አለችኝ። የፋብሪካ ክር መሆኑን ነገርኋት። ከንፈሯን መጠጠች እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ አገሯም ገባች።

በሰኔ ወር አንድ ዘመዳችን ሲመጣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዞልኝ መጣ። ብፈታው ሰባት ልቃቂት ነው፤ ቅጥነቱ ለድግስ ነጠላ የሚሆን። «ምን ብላ ላከችው?» ብለው «ስጠው ብቻ ነው ያለችኝ» አለ። ልቃቂቶቹን በመሶብ አስቀምጫቸዋለሁ። ሽማግሌውም አይቷቸው፣ በጣቱ አሻሽቶ፣ ፈታይዋ ማን እንደ ሆነች ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ቀጭን ፈትል ሳይበጥሱ በቀሰም ላይ እንዴት እንደሚያጠነጥኑት በሚመጣው ቅዳሜ ሊያሳየኝ ቀጥሮኛል።