አፅምና አገር በመንዝ ግርጌ

የመንዝ ባላገር መሬቱን «አፅመ ርስቴ» ይላል። የአባቶቼ አጥንት ያረፈበት አፈር የኔ ነው ማለቱ ነው። በዚያው አፉ ግን ሌላም ተረት ሲነገር ኖሯል፦ «ለሰማይ ምሰሶ የለው፣ ለእስላም አገር የለው።» እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። አገር በአጥንት የሚመሰከር ከሆነ ሙስሊሙ ሙታኑን የት ሲቀብር ኖረ?

መልሱ ከመንዝ አፋፍ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ፣ ኢፋት ላይ ይገኛል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 (እ.ኤ.አ.) የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፎ በዚህ አገር ገነነ። በ1332 (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ዓምደ ጽዮን የወጉት ሰብረዲን የዚሁ ቤት ሰው ነው። ጦርነቱን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ መቃብሩን ግን ማን ነገረን? ፎቬልና ኢርሽ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከጓዶቻቸው ጋር ኖራን፣ አስበሪንና ቤሪ ኢፋትን አጥንተው የድንጋይ መስጊዶችንና የመቃብር ቦታዎችን ገለጡ። በቤሪ ኢፋት የወላስማ ሰዎች ስማቸው በዐረብኛ በተቀረጸ ድንጋይ ሥር ተኝተዋል። ይህ አፅመ ርስት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሥርዓቱም እስከ ዛሬ ያው ነው። ጀናዛ አይቆይም፤ ከተቻለ በዕለቱ ይቀበራል። ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ያጥባሉ። ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ቁራጭ ነጭ ከፈን ይዘጋጃል። ሶላቱ ሩኩዕም ሱጁድም የለው፤ በቁም ይሰገዳል። ጉድጓዱ ውስጥ በቂብላው በኩል ለህድ ይፈለፈልና ሟቹ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ መካ አድርጎ ይጋደማል። ከኢፋት መካ ሰሜን ስለሆነ ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ ይሆናል። ክርስቲያኑ ደሞ ፀሐይ መውጫን እንዲያይ ራሱ በምዕራብ በኩል ነው የሚቀበረው። እንግዲህ የሁለቱም መቃብር በአንድ አቅጣጫ ተዘርግቷል፤ የተለያየው ትራሳቸው ብቻ ነው።

ሐዘኑም እንደዚሁ ይቀራረባል። ከቀብር በኋላ ተዝያ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ምግብ ያመጣል፣ ቁርአን ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል። በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ40ኛው ቀን ሰደቃ የሚያወጣ ብዙ ነው፤ ክርስቲያኑም 40ን በተዝካር ያስባል። ደረት መምታቱንና ሙሾውን ሼሆቹ ይነቅፉታል፣ ቄሶቹም አይወዱትም፤ ባላገሩ ግን የሁለቱንም ምክር ሰምቶ ያለቅሳል! የአንዱን ሥጋ ሌላው ስለማይበላ ድግሱ ላይ እርዱ ይለያል፤ ንፍሮውና ቡናው ግን የጋራ ነው። ወሎ በኩል ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበርም ብዙ ቦታ ሁለቱን ሃይማኖት ባንድ መዝገብ ይዟል።

ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ? ከመቃብሩ አይደለም፤ ከርስቱ ሥርዓት ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ብዙው ሙስሊም ርስት ተነፍጎ በሽመና፣ በንግድና በጭሰኝነት ኖሯል። መንግሥትም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይለው ነበር፣ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ነን» ብሎ ጠየቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረው። ተረቱ ግን በአዋጅ አልተሻረም፤ አሁንም ካንዳንድ አፍ ይሰማል።

ስለዚህ ጓዶች፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንወርድ የቀብር ቦታዎቹን እንጠይቅ፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ማን የት እንደተኛ እንጻፍ። አገር የለውም የተባለው ሰው ምስክሩ እዚያው አፈር ውስጥ ነው።