በሁለት መምህራን መካከል፦ የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የባዮፊዚክስ ክፍልና አንድ የዶክትሬት ተማሪ

ባዮፊዚክስ የሕያዋን ነገሮችን አሠራር በፊዚክስ ሕግጋትና መሣሪያዎች የሚመረምር የሳይንስ ዘርፍ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርካታ የፊዚክስ ሊቃውንት ፊታቸውን ከጦር መሣሪያ ወደ ሕይወት ምሥጢር መለሱ። ከእነዚህም አንዱ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከሃሪ ቡት ጋር ለራዳር ከፍተኛ ኃይል ያስገኘውን ማግኔትሮን የሠሩት ፕሮፌሰር ጆን ራንዳል ነበሩ። እርሳቸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተዛውረው የባዮፊዚክስ ምርምርን መሠረቱ።

ለዶክትሬት ማዕረግ በዚሁ ክፍል ይማሩ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ሬይመንድ ጎስሊንግ ነው። በ1950 ከሞሪስ ዊልኪንስ ጋር ሆኖ፣ ከስዊዘርላንድ የመጣውን የዲ.ኤን.ኤ. ናሙና በኤክስሬይ በማንሣት፣ ንጥረ ነገሩ እንደ ክሪስታል የተስተካከለ አቀማመጥ ሊይዝ እንደሚችል አሳየ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ራንዳል ለዶክተር ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በጻፉት ደብዳቤ፣ የዲ.ኤን.ኤ. የኤክስሬይ ሙከራ ለጊዜው በእርሳቸውና በጎስሊንግ ብቻ እንደሚካሄድ ገለጡ። ይህን ግን ለዊልኪንስ አልነገሯቸውም። ስለዚህ ፍራንክሊን በ1951 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምሩ፣ ዊልኪንስ ረዳት ያገኙ መሰላቸው፤ ፍራንክሊን ደግሞ ምርምሩ የራሳቸው መሆኑን ያምኑ ነበር። ተማሪውም በሁለቱ መካከል ቆመ።

ሆኖም ሥራው አልተቋረጠም። ፍራንክሊንና ጎስሊንግ የአየሩን እርጥበት እየለዋወጡ ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ለዩ። በሜይ 1952፣ ከ60 ሰዓት በላይ በኤክስሬይ ጨረር ፊት ቆይቶ የተነሣው 51ኛው ፎቶግራፍ በመስቀል አምሳል የተሰለፉ ጥቁር ነጥቦችን አሳየ፤ ይኸውም የጥምዝ ቅርጽ ምልክት ነው።

በ1953 መጀመሪያ ፍራንክሊን ክፍሉን ለመልቀቅ ሲዘጋጁ ፎቶግራፉ በዊልኪንስ እጅ ገባ። ዊልኪንስም ፍራንክሊን ሳያውቁ ለጄምስ ዋትሰን አሳዩት። ኤፕሪል 25 ቀን ኔቸር መጽሔት የዋትሰንንና የክሪክን ጽሑፍ ከኪንግስ ኮሌጅ ሁለት ጽሑፎች ጋር ሲያወጣ፣ በሦስተኛው ላይ የጎስሊንግ ስም ከፍራንክሊን ቀጥሎ ሰፈረ። በዚሁ ወር ራንዳል ፍራንክሊን ተማሪውን መምራት እንዲያቆሙ በደብዳቤ ጠየቁ። ሁለቱ ግን በጁላይ ሌላ የጋራ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ጎስሊንግም የመመረቂያ ጽሑፉን በ1954 ፈጸመ።

ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመታቸው ዐረፉ። የ1962 የኖቤል ሽልማት ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለዊልኪንስ ተሰጠ።

ክፍሉ መሣሪያም ሆነ ዕውቀት አላጣም ነበር። የጎደለው፣ ማን ማንን እንደሚመራ ለሁሉም በአንድነት የሚገልጥ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ያንን ቃል መናገር የተማሪው ሳይሆን የክፍሉ ኃላፊ ግዴታ ነበር።