ከደቦ እስከ ቀን ሠራተኛ፤ በጎረቤላ የመኖሪያ ቤት ግንባታና የሠራተኛው ደኅንነት

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ ደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ አጠገብ ትገኛለች። ስለ አንኮበር የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የነገሥታቱና የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተራው ሰው ቤቱን ሲሠራ በሥራው ላይ የተጎዳውን ሰው ጕዳት ማን ይሸከም እንደ ነበረ፥ ዛሬስ ማን እንደሚሸከመው ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሬቱ ጥቂት እንናገር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ፥ በአንኮበር ከከባድ ዝናም በኋላ መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው እንደ ወሰደ ጽፏል። ስለዚህ በዚህ አገር ቤት መሥራት ማለት ተዳፋቱን ቈፍሮ መደልደል፥ ከላይ የሚመጣውን አፈር በድንጋይ ካብ መከልከል ነው። አደጋው ገና ከመሠረቱ ቍፋሮ ይጀምራል።

በቀድሞ ዘመን ቤት የሚሠራው በደቦ ነበር። ባለቤቱ እንጨቱን፥ ድንጋዩንና ሣሩን አስቀድሞ ያከማቻል፤ ቀን ቈርጦ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጠላውንና ምግቡን ያቀርባል። አንዱ ምሰሶ ያቆማል፥ ሌላው ማገር ያስራል፥ ሌላው ጭቃ ያቦካል። ይህ ሥራ አደጋ አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ጠላ የጠጣ ሰው ጣራ ላይ ሲወጣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን የደቦ አንድ ትልቅ ጠባይ ነበረው፤ የሚወድቀው ሰው ጎረቤት ነው። ባለቤቱ ነገ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያገኘዋል፤ እርሱም በተራው በዚያ ሰው ደቦ ላይ ይጠራል። ስለዚህ የተጎዳውን አላውቀውም ለማለት አይቻለውም ነበር። ሕግ ባይጻፍም ዕዳው የታወቀ ነበር።

ይህ ሥርዐት በአንድ ቀን አልተለወጠም። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፥ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቈረቈረችው አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ፥ የአንኮበር የመናገሻነት ዘመን አለፈ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአዲስ አበባ መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ በደጋው ሁሉ ተስፋፍቶ የጥዱንና የወይራውን ቦታ ያዘ። የሣሩን ክዳን ቆርቆሮ ተካው። ከጣሊያንም ቋንቋ አርማታ፥ ፌሮና ሞራሌ የሚሉት ቃላት ከዕቃዎቹ ጋራ ገቡ። ዕቃው በገንዘብ የሚገዛ በሆነ ጊዜ ጕልበቱም በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። ደቦ የሚያውቀው ጎረቤትን ነበር፤ አሁን የመጣው ቀን ሠራተኛ ነው።

በጎረቤላ ተዘዋውረን በተመለከትናቸው ጥቂት የቤት ሥራዎች ላይ ይህ ለውጥ ጎልቶ ታይቶናል። በአንደኛው ስፍራ የመሠረቱ ጕድጓድ ከሰው ደረት በላይ ጠልቆ ሳለ፥ የወጣው አፈር ሁሉ በከንፈሩ ላይ ተከምሯል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ያህል እንደሚመዝን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነው። በሌላው ስፍራ መወጣጫው ከባሕር ዛፍ አጠና የተሠራ ሲሆን፥ የሚረገጠው ጣውላ በምስማር አልተያዘም፤ ሁለት ወጣቶች በባሬላ ድንጋይ ይዘው ይወጡበታል። ሲሚንቶ የሚያቦካው ባዶ እጁን ነበር፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን እንደሚያቃጥል የነገረው ሰው የለም።

በሦስተኛው ስፍራ ከመወጣጫው ወድቆ ክንዱ ስለ ተሰበረ አንድ የገጠር ልጅ ሰማን። ባለቤቱ የመጓጓዣውን ከፈለ፤ ግንበኛው የሁለት ቀን ደመወዝ ጨመረለት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አበቃ። ባለቤቱን ብንጠይቀው፥ «እኔ ለግንበኛው በኮንትራት ሰጥቻለሁ» አለን። ግንበኛውን ብንጠይቀው፥ «እኔስ ከእርሱ በምን እሻላለሁ? እኔም የቀን እንጀራዬን ነው የምፈልገው» አለን። ሁለቱም አልዋሹም። ኀላፊነቱ ግን በሁለቱ መካከል ጠፍቷል። እድር ቢሆን ለሞት እንጂ ለተሰበረ ክንድ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የጥንት ሕጎች ስለ ቤት ሥራ አደጋ ዝም አላሉም። የሐሙራቢ ሕግ ቤቱ ፈርሶ ባለቤቱን የገደለበትን ግንበኛ በሞት ይቀጣል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሌላ ሰው ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ልብ ብለን ስንመለከት ግን፥ ሁለቱም የሚያስቡት ቤቱ ካለቀ በኋላ ለሚኖርበት ወይም ለሚወጣበት ሰው ነው። ቤቱ ሳያልቅ ስለሚወድቀው ሠራተኛ የታሰበው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በአገራችን በ1936 ዓ.ም. የፋብሪካዎች አዋጅ ወጣ፤ ይህ ግን ለፋብሪካ ሠራተኛ የታሰበ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና እንዲጠብቅ አዘዘ። የ1956ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 210፥ ከዚያም የ1968፥ የ1985፥ የ1996ና የ2011 ዓ.ም. አዋጆች ተከታተሉ። የመጨረሻው፥ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፥ አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፥ ስለ አደጋው እንዲያስተምርና የደረሰውንም ጕዳት እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኀላፊነት ዋጋ ተቀብሎ ሥራ የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ያወጣዋል። እንግዲህ ትንሹ ግንበኛ ኮንትራት በያዘ ጊዜ ለባለቤቱ ሠራተኛው አይደለም፤ ለቀን ሠራተኛው ደግሞ አሠሪ ሆኗል ማለት ነው፥ እርሱ ራሱ ባያውቀውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፥ ከሁለት ፎቅ በታች ያለውን የግል መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» አስቀመጠው፤ ቁጥጥሩም ከሌሎቹ የቀለለ ሆነ። ቤቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ከሦስት ሜትር የሚወድቅ ሰው ግን በትንሽ ቤት ላይ ስለ ሆነ በቀስታ አይወድቅም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎቻችን፥ «ባለቤቱ ራሱ ድኻ ነው፤ ይህን ሁሉ ወጪ ከየት ያመጣዋል?» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ብዙው ጥንቃቄ ገንዘብ ሳይሆን ልማድ ይጠይቃል። የአሜሪካ ደንብ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ለሚደርስ ጕድጓድ ግድግዳው እንዲደገፍ ወይም እንዲጋደም ያዝዛል፤ አፈሩም ከከንፈሩ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አፈሩን አንድ እርምጃ ማራቅ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ጣውላውን በሁለት ምስማር መያዝ፥ መሰላሉን ከላይ ማሰር፥ ከዝናም ማግሥት ጕድጓዱን ሳይመረምሩ አለመግባት እንዲሁ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፥ ባለቤቱና ግንበኛው ሲዋዋሉ፥ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመውና ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማን እንደሚረዳው በሽማግሌ ፊት ቢጽፉ መልካም ነው። እድሮችም የክንድ መሰበርን እንደ ሐዘን ቢቈጥሩት የሚያስነቅፍ አይሆንም። ደቦን መልሰን እናቁም አንልም፤ ዘመኑ አልፏል። ነገር ግን ደቦ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ቤት ሲሠራ የወደቀ ሰው የቤቱ ዕዳ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ይህን ዕውቀት ከሣሩ ክዳን ጋራ አብረን ማፍረስ አይገባንም ነበር።