ካምቢዮና ላሜራ፦ ያረጀ ሚኒባስ የማደስና የመሸጥ ሙያ በአዲስ አበባ

ያረጀ ሚኒባስ አድሶ መሸጥ በአዲስ አበባ ከሦስት ሙያዎች የተገመደ ሥራ ነው። ሞተርና ካምቢዮ የሚፈታው መካኒክ፣ የበሰበሰ ብረት ቆርጦ አዲስ የሚቀጥለው ባትላሜራ፣ ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው ደላላ አንድ መኪና ላይ ይገናኛሉ። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ካጓደለ መኪናው ወይ በቅጡ አይሄድም፣ ወይ መልሶ ይዝጋል፣ ወይ ገዢ አጥቶ ይቆማል። ሙያው ራሱ ግን ከሚኒባሱ በዕድሜ ይበልጣል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ ያመጣው መኪና ነበር። ሆኖም የመኪና ጥገና እንጀራ የሚበላበት ሙያ የሆነው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበሩት ዓመታት ወራሪው ጦር ለጦርነቱና ለመንገድ ሥራው በርካታ ከባድ መኪኖችንና ለእነሱም የጥገና ቦታዎችን ይዞ መጣ። ከነጻነት በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአገር ግንባታ የሚያስፈልጉ የጣሊያን ባለሙያዎች እንዲቆዩ ፈቀደ። ጋራዥ ከፍተው የቀሩትም ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ቀጠሩ። ወጣቱ ቁልፍ በማቀበልና ዕቃ በናፍጣ በማጠብ ይጀምራል፤ እያየ ይለምዳል፤ ሲጎለምስ ራሱ ፈቺና ገጣሚ ይሆናል። ተግባረ ዕድን የመሰሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች በኋላ የራሳቸውን ድርሻ ቢያበረክቱም፣ አብዛኛው ዕውቀት የተላለፈው በዚህ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ነው።

የዚያ ዘመን አሻራ እስከ ዛሬ በጋራዥ ቋንቋ ይሰማል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈንና ፖርቶመጋላ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ላሜራ ቀጥቃጩ ባትላሜራ፣ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ይባላል። ታርጋና ቦሎም ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ቃላቱ በአማርኛ ተናጋሪው አንደበት ተገርተው የራሱ ሆነዋል።

ከሚኒባሱ በፊት የከተማዋ ታክሲ ሴይቼንቶ ነበረች። ሴይቼንቶ ማለትም ፊያት 600 በጣሊያን መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ስፋቷ ለአራት ሰው ነበር። የጣሊያን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 ምርቷን ቢያቆምም የአዲስ አበባዋ ሴይቼንቶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። የማደስ ሙያ ትልቁን ትምህርት የተማረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ዕቃ ሲጠፋ ከቆመች መኪና ፈቶ መውሰድን፣ እሱም ሲጠፋ በቶርኖ ቀርጾ መሥራትን መካኒኮች የለመዱት ፋብሪካ ባቆማቸው መኪኖች ላይ ነው። ከሴይቼንቶ ጎን ደግሞ ውይይት ነበረ። ከኋላው ሸራ ወይም ጣራ ለብሶ ግራና ቀኝ አግዳሚ የተገጠመለት ፒካፕ ሲሆን፣ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ይህን ስም አገኘ።

ሚኒባስ በአዲስ አበባ ሲባል በብዛት ቶዮታ ሃይኤስ ማለት ነው። ቶዮታ ይህን መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር፤ ሁለተኛው ትውልድ በ1977፣ ሦስተኛው በ1982፣ አራተኛው በ1989፣ አምስተኛው በ2004 ተከተሉ። አራተኛውን የአገራችን ገበያ ዶልፊን፣ አምስተኛውን አባዱላ ብሎ ይጠራዋል። ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ የትራንስፖርት ሥራ ለግል ባለሀብት ሲለቀቅና ከተማዋ ስትሰፋ፣ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ የተቀባው ሚኒባስ ዋናው የሕዝብ ማመላለሻ ሆነ። ብዙዎቹ በሌላ አገር ለዓመታት አገልግለው የመጡ ናቸው። ለዕቃ መጫኛ ተሠርተው የገቡም ነበሩ፤ የእነዚህ ጎን ተቀዶ መስኮት ወጣለት፣ ወለሉ ላይም ወንበር ተበየደ። መኪናው ከመጀመሪያው በአዲስ አበባ ባትላሜራ እጅ አልፎ ነው ሥራ የጀመረው ማለት ይቻላል።

ሃይኤስ ለማደስ የተመቸበት ምክንያት አሠራሩ ላይ ነው። ከቆዩት የናፍጣ ሞተሮቹ ሦስቱ 2,446፣ 2,779 እና 2,986 ሲሲ ሲሆኑ፣ የመጨረሻው 5ኤል በሚለው ስሙ በሻጭም በገዢም አፍ ይታወቃል። በእነዚህ ሞተሮች ናፍጣው በሜካኒካል ፖምፓ ይገፋል እንጂ ኮምፒውተር አይጠብቅም። የሞተሩ ቦታ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ መካኒኩ ወንበሩን ገልብጦ ይሠራል።

ከሁሉም በላይ መኪናው በእጅ ማርሽ የሚነዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንስበታል። በዚህ ላይ ከተማዋ ወደ እንጦጦ የምትወጣ ዳገት ናት። ሾፌሩ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን አስጩሆ ይወጣል፤ ቁልቁለቱንም በዚያው ማርሽ በሞተር ይዞ ይወርዳል፣ ይህም ፍሬኑ እንዳይግል ያግዘዋል።

ስለዚህ ያረጀ ሚኒባስ ሲታደስ ከሞተሩ እኩል የሚፈተሸው ካምቢዮው ነው። በየፌርማታው ሲቆምና ሲነሳ የሚውል ታክሲ ሁለተኛ ማርሹን ቀድሞ ይጨርሳል። ጥርሶቹ ከመነካከሳቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው የነሐስ ቀለበት ሲበላ ማርሹ ሲገባ ይፈጫል፤ ሲብስም ዳገት ላይ ይተፋል። ልምድ ያለው መካኒክ ካምቢዮውን ከማውረዱ በፊት ዘይቱን በሳፋ ይቀዳና ወደ ፀሐይ አዙሮ ያየዋል። ዘይቱ ውስጥ ቢጫ ብናኝ ካብረቀረቀ የተበላው የነሐስ ቀለበት ነው፤ የማርሹ ጥርስ ራሱ ገና ደኅና ሊሆን ይችላል። የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል፤ ወጪውም ሌላ ነው። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑ ዲስክ ይታያል፤ የቮላኖው ፊት ከተፋቀ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ከቶርኖው ሥራ በቀር ይህን ሁሉ ለመሥራት ክሪክ፣ ቁልፍ፣ ጥሩ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ዕቃው የሚፈለገው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። መርካቶ ራሱ በጣሊያን ዘመን ከአራዳ ተነጥሎ የተቋቋመ ገበያ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት ለእያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱን ተራ አወጣ። ቁርጥራጭ ብረት ከምናለሽ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ከሶማሌ ተራ ይገኛል። እዚያ የተፈታ ካምቢዮ፣ በር፣ መብራትና ዲፍረንሻል ተደርድሮ ይሸጣል። ነጋዴው የመኪናውን ዘመን ሲነገረው የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ያውቃል። የአንዱ ሚኒባስ ሞት ለሌላው ዕድሜ የሚሆነው በዚህ ገበያ ነው።

አካሉ የባትላሜራው ድርሻ ነው። ሚኒባስ ቀድሞ የሚበሰብሰው በተንሸራታች በሩ ሥር፣ በመርገጫውና በጎማዎቹ ጥላ ዙሪያ፣ ውኃና ጭቃ በሚያድርበት ቦታ ነው። ጥሩ ባለሙያ የዛገውን ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ቆርጦ ያወጣዋል፤ አዲስ ላሜራ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቅርጹን ያስይዛል፤ ይበይዳል፤ ዝገት መከላከያ ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስስ ስቱኮ ያለብሳል። መጥፎው ዝገቱን ሳይነካ በወፍራም ስቱኮ ይሸፍነዋል፤ ቀለሙ ለሽያጭ ሰሞን ያምራል፣ ክረምት ሲወጣ ግን ይላጣል።

ሽያጩም የራሱ ሥርዓት አለው። ገዢ የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ መኪናው ሳይሞቅ ሲነሳ ማየት ስለሚፈልግ በጠዋት መምጣትን ይመርጣል። የዘይት ክዳን ከፍቶ የሞተሩን ትንፋሽ ያያል፤ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ይፈትናል፤ ማግኔት በአካሉ ላይ እያስኬደ ስቱኮ የት እንደበዛ ይለያል። ከዚያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ ቦሎው ይታያል፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ይጣራል። ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ሲፈረም ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠ ዕቃ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ደንግጓል። ስለዚህ ያለበትን ጉድለት በውሉ ላይ በግልጽ የሚያሰፍር ሻጭ ገዢውንም ራሱንም ከክስ ያድናል።

ያረጀ ሚኒባስ ዋጋው ሳይወድቅ የቆየው አዲስ መኪና ለአብዛኛው ሰው ከአቅም በላይ ስለሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በአንድ በኩል አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ፤ በሌላ በኩል ፍሪሲዮንና ባለብዙ ማርሽ ካምቢዮ የማያስፈልጋቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ ጎዳናው መጡ።

የነሐሱን ብናኝ በፀሐይ የሚለየው ዓይን፣ ላሜራን በመዶሻ የሚያጎብጠው እጅ በመጽሐፍ አልተማሩም፤ አብዛኛው ዕውቀታቸውም አልተጻፈም። የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት አንጋፋዎቹ መካኒኮችና ባትላሜራዎች በሕይወት ሳሉ አሠራራቸውንና የሙያ ቃላቸውን መዝግበው ሊያስቀምጡ ይገባል።