ከመውሊድ መድረክ እስከ ፓርላማ፣ ከፓርላማ እስከ እስር ቤት

ስለ ታንዛኒያ ነጻነት ሲወራ አብዛኞቻችን የምናውቀው ጁሊየስ ኔሬሬን ነው። ዛሬ ከጎናቸው ቆማ ሕዝቡን ስላነቃነቀች ወጣት ሙስሊም እንስት እናወጋችኋለን፤ ቢቢ ቲቲ ሙሐመድ።

በ1926 (በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ዳሬ ሰላም ውስጥ ተወለደች። አባቷ ሴት ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መግባቷን አይፈልጉም ነበር። እርሳቸው ካለፉ በኋላ እናቷ አስገቧት፤ የተማረችው ግን የአንደኛ ደረጃን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነው። በልጅነቷም ተዳረች። ሰፈሩ የሚያውቃት በድምጿ ነበር። "ቦምባ" የተባለ የሴቶች የከበሮና የዘፈን ቡድን መሪ ዘፋኝ ነበረች፤ በመውሊድም ታዜማለች።

የነጻነት ፓርቲው ታኑ በ1954 ተመሠረተ። በዓመቱ ከእንግሊዝ የሌበር ፓርቲ የመጡ እንግዳ የፓርቲው ሴቶች የት እንዳሉ ጠየቁ። መሪዎቹ ያኔ ነው የሴቶች ክፍል ለማቋቋም የተጣደፉት። የተመረጠችው የ29 ዓመቷ ቲቲ ነበረች።

ምን አደረገች? አዲስ ነገር አልፈለሰፈችም። ወደ ዘፈን ቡድኖቹ መሪዎች ሄደች። እነዚህ ቡድኖች የተለያየ ጎሳ ሴቶችን በስዋሂሊ ቋንቋ ያሰባሰቡ፣ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱ ነበሩ፤ እንደኛ እድር ልትሏቸው ትችላላችሁ። መሪዎቹ ሲያምኑባት አባላቱ ተከተሉ። በሦስት ወር ውስጥ 5,000 ያህል ሴቶች የፓርቲውን ካርድ ወሰዱ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቅኝ ገዢው መንግሥት ሠራተኞቹን ከታኑ አባልነት አግዶ ስለነበር፣ ብዙ የተማሩ ወንዶች እንጀራቸውን ፈሩ። ምግብ አብስላ የምትሸጥ ሴት ግን የምትባረርበት ቢሮ አልነበራትም።

ታንጋኒካ ታኅሣሥ 9 ቀን 1961 ነጻ ወጣች። ቲቲ የፓርላማ አባልና ምክትል ሚኒስትር ሆነች፤ በ1962 የተቋቋመውን ብሔራዊ የሴቶች ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መራች። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በ1965 በምርጫ ተሸነፈች። በ1967 የአሩሻ መግለጫ መሪዎች ቤት እንዳያከራዩ ሲከለክል አልተስማማችም፤ ከፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ለቀቀች። በ1969 መንግሥት ለመገልበጥ አሢራለች ተብላ ታሰረች። ክሱን ብትክድም በ1971 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

በ1972 ኔሬሬ ምሕረት አድርገውላት ወጣች። ትዳሯ ግን ፈርሶ ነበር፤ ስሟም ከትግሉ ታሪክ ደብዝዞ ነበር። የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ ጀግና ብሎ ያነሳት በ1991፣ የነጻነት 30ኛ ዓመት ሲከበር ነው። በ2000 አረፈች፤ አላህ ይዘንላት። ዛሬ ዳሬ ሰላም ውስጥ አንድ ትልቅ ጎዳና በስሟ ይጠራል።

እኛን የሚያሳስበን ከእርሷ ጋር የወጡት ሌሎቹ ሴቶች ናቸው። የብዙዎቹን ስም ማን ጻፈው? በየከተማችንም እድር ያቆሙ፣ ለመስጂድ ግንባታ ብር የሰበሰቡ እናቶች አሉ። ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ስልካችሁን አንሱና ድምፃቸውን ቅዱ። ጋዜጣ እስኪያስታውሳቸው አንጠብቅ።