ኒስባና ርቀት፦ «ዘይለዒ» እና «ጀበርቲ» የተባሉት ዑለማ ከየት ነበሩ?

የዐረብኛ ሙሉ ስም ከመጠሪያ ስም (ኢስም)፣ በልጅ ከሚጠሩበት ኩንያ፣ ከአባትና ከአያት ሐረግ (ነሰብ)፣ ከማዕረግና ከቅጽል (ለቀብ) እንዲሁም ሰውን ከቦታ፣ ከጎሣ ወይም ከሙያ ጋር ከሚያያይዘው ኒስባ የሚሰናሰል ነው። ከእነዚህ መካከል የአገራችንን የእስልምና ታሪክ የሚያጠናውን ሰው ይበልጥ የሚያስቸግረው ኒስባ ነው። በካይሮና በየመን በተጻፉ የዑለማ ታሪኮች «ዘይለዒ»፣ «ጀበርቲ» ወይም «ሐበሺ» የሚል ቃል ሲያጋጥም የትውልድ ሥፍራ ማስረጃ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። እኛ ግን ኒስባ ከሁሉ በፊት የጠሪዎቹን ሥፍራ ይናገራል፣ ጠሪው በራቀ ቁጥርም የሚጠራው አገር ይሰፋል ብለን እናምናለን።

ጥንታዊው ምሳሌ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.) «ሐበሺ» ይባላሉ፤ የተወለዱት ግን በዐረብ ምድር ነበር። ኒስባቸው የሚያመለክተው የእናታቸውን የሐማማን አገር ነው።

ወደ «ዘይለዒ» እንለፍ። ዘይላዕ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያለች የወደብ ከተማ ነች። በ749 ዓ.ሂ. (1349 እ.ኤ.አ.) ያረፉት አል-ዑመሪ፣ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያና ባሌ የሚገኙባቸውን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲገልጹ፣ በግብፅና በሻም «የዘይላዕ አገር» ተብለው እንደሚታወቁ ጽፈዋል። ነጋዴውም ደረሳውም የሚሻገረው በዚያ ወደብ ነበርና በሩ ለቤቱ ስም ሆነ። ስለዚህ የባሕርን ውኃ በመንገዱ ላይ ብቻ ያየ የባሌ ሰው ካይሮ ሲደርስ ዘይለዒ መባሉ የማይቀር ነበር።

በዚህ ስም የታወቁት ሁለት ታላላቅ ዑለማ ናቸው። አንደኛው በ705 ዓ.ሂ. ካይሮ የገቡትና በ743 ዓ.ሂ. ያረፉት ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብን ዐሊ ሲሆኑ፣ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተባለው የፊቅህ ማብራሪያ የእርሳቸው ነው። ሁለተኛው በ762 ዓ.ሂ. ያረፉት ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ ናቸው፤ በ«አል-ሂዳያ» ውስጥ የተጠቀሱትን ሐዲሶች ምንጭ የመረመሩበት «ነስቡር ራያ» እስከ ዛሬ የሐዲስ ተማሪ የማይለየው ኪታብ ነው። ሁለቱም በካይሮ የኖሩ፣ ሁለቱም የሐነፊ መዝሀብ ሰዎች ስለሆኑና በሞታቸው መካከል ያለውም ጊዜ ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

ሐነፊ መሆናቸው ሊያስቆመን ይገባል። ወደ 1331 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚያ ዳርቻ ያለፉት ኢብን በጡጣ የአካባቢውን ሕዝብ ሻፊዒ ይሉታል። አል-ዑመሪም ሻፊዒነትን ለኢፋት፣ ሐነፊነትን ደግሞ እንደ ሐድያና ባሌ ላሉት የውስጥ ግዛቶች ይሰጣሉ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መዝሀብ በካይሮም ሊያዝ ይችላልና። ቢሆንም ሁለቱን ዓሊሞች የወደቡ ልጆች ከማለት ይልቅ ከደጋው ወይም ከመካከለኛው አገር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አድርጎ ማሰብ የበለጠ ሚዛን የሚደፋ ይመስለናል። የኪታብ መዝገብ ስናዘጋጅ «ዘይለዒ» የሚለውን በ«ትውልድ ሥፍራ» ዓምድ ሥር መጻፍ ይህንን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ይዘጋዋል።

«ጀበርት» በተቃራኒው ከጠባብ ሥፍራ ተነሥቶ የሰፋ ስም ነው። አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት በጻፉት አጭር ኪታብ ቃሉን ከኢፋት ምድር ጋር ያያይዙታል። ከጊዜ በኋላ ግን የደጋው ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ቃሉን «አግብርት» ከሚለው ግእዝ የሚያወጡ አሉ፤ ጥሩ ትርጓሜ ቢመስልም የቦታ ስም መሆኑ በጽሑፍ ቀድሞ ስለተገኘ እኛ ወደዚያ እናደላለን።

ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) በ«ዐጃኢቡል አሣር» የአባታቸውን የሸይኽ ሐሰንን ሞት በ1188 ዓ.ሂ. ሥር ሲመዘግቡ የዘር ሐረጋቸውን ያወሳሉ። ከጀበርት ምድር ወደ ካይሮ የመጡት ሰባተኛ አያታቸው ናቸው። አባትም ልጅም የግብፅ ተወላጆች ሲሆኑ ኒስባው ግን አልተለወጠም። ለምን? ስሙ መኖሪያም እንጀራም ስለነበረ ነው። በአል-አዝሀር የጀበርት ሪዋቅ ነበር፤ ጸሐፊው እንደሚሉት በመካና በመዲናም እንዲሁ ሌሎች ሁለት ነበሩ። ሪዋቅ ከአንድ አገር ለመጡ ደረሶች ማደሪያና የዕለት ዳቦ ይሰጥ ነበር። የሪዋቁም አለቅነት በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ሲወራረስ ኖረ። ሰባት ትውልድ ያቆየው ናፍቆት ብቻ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ የሪዋቁን ዳቦ ረስቷል።

እዚሁ አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። በወሎ «ሐበሺ» ወይም «ጀበርቲ» ብሎ ሸይኽን ከሸይኽ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ያው ነውና። በዚያ የሚለየው መንደር ነው፦ በየጁ ከምትገኘው ዳና «አድ-ዳኒ»፣ በራያ ካለችው አና «አል-አኒ» ተባለ። ከወሎ የወጣ ሰው እነዚህን ስሞች አይረዳቸውም፤ ለካይሮ የኪታብ ገልባጭም ትርጉም አይሰጡም ነበር። በእጅ ጽሑፎቻችን መጨረሻ ላይ ሁለትና ሦስት ኒስባ ተከታትለው የሚመጡት፣ ከሰፊው ጀምረው ወደ መንደሩ የሚወርዱት፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርብ ዘመንም ያው ሥርዓት ይሠራል። በ2008 እ.ኤ.አ. በቤይሩት ያረፉት ሸይኽ ዐብዱላህ፣ በሚነሣው የአቂዳ ክርክር ውስጥ ሳንገባ፣ ለስም ጥናት ጥሩ ጉዳይ ናቸው። ለአገራቸው ሰው «አል-ሀረሪ» ሲሆኑ በሊባኖስ «አል-ሐበሺ» ተባሉ። ከዚያም ስሙ ከእርሳቸው አልፎ ወደ ተከታዮቻቸው ተሻገረ፤ ሐረርን አይተው የማያውቁ፣ በቤይሩትና በትሪፖሊ የተወለዱ ዐረቦች ዛሬ «አሕባሽ» ይባላሉ።