ከክንድ መለኪያ ወደ ወገብ መለኪያ

«ምነው ከሳህ?» የሐዘኔታ ጥያቄ ነው። «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ደግሞ ሙገሳ ነው። አማርኛችን ውፍረትን ከድሎት፣ ክሳትን ከመከራ ጋር ያዛመደው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ምክንያቱን የሚሻ ሰው ወደ ምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ቢዘልቅ ያገኘዋል።

ከጉና ተራራ አንስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ይህ አገር በደጋው ገብስና ድንች፣ ዝቅ ሲል ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። መሬቱ ግን ተዳፋት፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ፣ የገበሬው ይዞታም ጠባብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ሰውነቱ የሞላ ሰው ክፉውን ወራት የተሻገረ ሰው ነው። ማን ነቀፋ ይናገረዋል?

የአገራችን የሥነ ምግብ ሥራም ከዚሁ ከረሃብ ጋር ሲታገል ያደገ ነው። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሥነ ምግብ ተቋም ለሕፃናት ፋፋን አበረከተ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶችን እየመደበ ትምህርቱን ከደጅ አደረሰ። በእጃቸው ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የክንድ መለኪያ ነው፤ የሕፃኑ ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ አደጋውን ይናገራል። መለኪያው የሚያድነው አንድ ጠላት ብቻ ነበር፤ ክሳትን።

ይህ ልፋት ከንቱ አልቀረም። በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ ሆኑ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ አሐዝ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከመጠን በላይ የወፈሩ ሴቶች ቁጥር ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ አደገ። በከተማ 21 በመቶ ሲደርስ በገጠር 4 በመቶ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ ከጋይንት ምን አገናኘው? ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ በኩል ያልፋል። የገበሬው ልጅ በዚያ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሸክሙና የእግር መንገዱ ይቀርና ወንበር፣ ዘይትና ስኳር ይተኩታል። ገላው ግን ረሃብን የሚረሳ አይመስልም። በ1944–45 እ.ኤ.አ. ክረምት በኔዘርላንድስ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ረሃቡ ያገኛቸው ወንዶች ለአቅመ ወታደርነት ሲደርሱ ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በእኛም አገር ከወልድያ በስተሰሜን በራያ ቆቦ የተደረጉ ጥናቶች በ1977ቱ ረሃብ ዘመን በተፀነሱና ሕፃን በነበሩ ጎልማሶች ላይ ተመሳሳይ ዝንባሌ አሳይተዋል።

እንግዲህ ረሃብና ውፍረት የሁለት አገር ታሪክ አይደሉም፤ የአንድ ሰው ሁለት ዘመናት ሊሆኑ ይችላሉ። የእናቲቱን እርግዝናና የሕፃኑን ክንድ መጠበቅ፣ የነገውንም ጎልማሳ ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት የመጠበቅ መጀመሪያ ነው።

ቀሪው የከተሜው ድርሻ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» እየተባለ ጎዳናዎች ለእግረኛ ተከፍተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል። ነገር ግን መመሪያ በመደርደሪያ ላይ ማንንም አያቀጥንም። በገጠር ያየነው ለውጥ የመጣው ጎረቤት የሆነች ሠራተኛ ደጅ አንኳኩታ፣ ከእናት ጋር ተቀምጣ፣ ለክታ፣ ተመልሳም ጠይቃ ነው። በከተማም መንገዱ ይኸው ነው፤ ወገብን መለካት፣ ቆሎና ጎመንን ማስታወስ፣ ጎረቤትን አስከትሎ መራመድ።

ብቻ ስድብ አይግባበት። ውፍረትን ያከበረው ወላጅ አላዋቂ አልነበረም፤ ረሃብን ያየ ነበር። «ወፍረሃል» የሚለው ምርቃት «ጤና ይስጥህ» በሚለው ቢተካ ግን፣ ምኞቱ ያው የጥንቱ ነው፤ ልጄ ይኑርልኝ።